ጁኖን ፈልጎ የመጣው ሰው

ማርሊስ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ጉልበተኛዋን ላብራዶር ውሻዋን ማስሮጥ አቃታት። ጁኖ ገና ዓመት ያልሞላት፣ ዘሯ የተመሰከረላት ውሻ ናት። ማርሊስ ለክትባቷና ለምግቧ ያወጣችውን አሰበችና ስድስት መቶ ዶላር ይበቃል ብላ የሽያጭ ማስታወቂያ አወጣች።

መጀመሪያ የመጣው ኬንት የሚባል ጎልማሳ ነበር። ውሻዋን ሳይደባብስ ጅራቷን ቀና አድርጎ ከኋላዋ አያት። ከዚያ በዚያው ጣቱ ከንፈሯን ገልጦ ጥርሷን መረመረ።

«የዘር ወረቀቷን ከጨመርሽልኝ ሁለት ሺህ እሰጥሻለሁ።»

«ይህን ሁሉ ለምን?»

«በየስድስት ወሩ አስወልዳታለሁ። በረቴ ውስጥ እንደሷ ያሉ ሞልተዋል።»

«ስታረጅስ?»

ኬንት ሳቀ። «አንቺ ደግሞ! ያረጀ ውሻ ማን ይቀልባል?»

ማርሊስ የጁኖን ማሰሪያ ወደ ራሷ ሳበች። ከጃኬቱ የሚወጣው የሽንት ሽታም ያኔ ገና ታወቃት።

«ውጣልኝ!»

«እሺ፣ ሦስት ሺህ።»

«ውጣ አልኩህ! ገንዘብህም አንተም ትቀፉኛላችሁ!»

ሲሄድ የነካውን የበር እጀታ በፈላ ውሃና በሳሙና ፈተገችው።

በማግስቱ የትምህርት ቤት አውቶቡስ የምትነዳ ሴት መጣች። ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ፣ ስለ ወረቀት አንድም ነገር ሳትጠይቅ የጁኖን ጆሮ እያሻሸች ብዙ ቆየች። ማርሊስ ስድስት መቶውን ተቀብላ ማሰሪያውን በእጇ ሰጠቻት።