ሁለተኛዋ ሴት

ሁለት ሴቶች ወንዝ ዳር እንስራቸውን አስቀምጠው ያወራሉ። "ልጅሽን ሸፍኚው! የቀጥቃጩ ልጅ እያየው ነው። ማታ ማታ እኮ ጅብ ይሆናሉ" አለች አንደኛዋ። ሁለተኛዋ ልጇን እንዳዘለች የሆነ ነገር መለሰች፤ ምን እንዳለች ግን እዚያው አጠገባቸው የነበረው ውበቱ ዛሬም ትዝ አይለውም። ያኔ ትንሽ ልጅ ነበር። የሚፈሩት እሱን መሆኑ የገባው እቤቱ ገብቶ ጥፍሮቹን ሲያገላብጥ ነው።

አሁን እስራኤል አገር፣ አሽዶድ ከተማ፣ ሰሜኑ የኢንዱስትሪ ቀጠና ውስጥ የብረት በር ይበይዳል። ልጁ ሺር ስትመጣ የብየዳ ጭንብሉን ቀና አደረገ። ሺር የሲኒማ ተማሪ ናት። የአልጋዋ ራስጌ በአስፈሪ ፊልም ባማዮች፣ በዳይሬክተሮቹ ማለት ነው፣ ፎቶ ተሞልቷል። ውበቱ ጸሎቱን ሲያደርስ የዚያን ክፍል በር ይዘጋል።

"አባ፣ ተዋናዩ ጥሎኝ ሄደ" አለች። "ቀረጻው ዓርብ ነው፣ ቀጥቃጭ የሚሆንልኝ የለም።"

"የምን ቀጥቃጭ?"

"ጅብ ይሆናል የሚባለው።"

ፊቱ ጠቆረ። "ያንን ትቼ መጣሁ ስል አንቺ በካሜራ ልታሳዪብኝ? እዚህ አገርም ጅብ ልባል?"

"ቆይ፣ ስማኝ። መምህራችን 'ፍርሃትን ያስተማራችሁ ባማይ ማነው?' ብላ ጠየቀችን። ሁሉም ዝነኞቹን ጠራ። እኔ ውበቱ አልኩ።"

"የቱ ውበቱ?"

"አንተ ነሃ! የወንዙን ነገር ያወራኸኝ ለት መብራት አብርቼ አደርኩ። የፈራሁት ግን ጅቡን አይደለም፤ 'ሸፍኚው' ያለችውን ሴትዮ ነው።"

"እነዚያ ራስጌሽ ያሉት ቢሰሙሽ ይስቁብሽ ነበር" አለ፤ እሱም ሊስቅ ምንም አልቀረውም።

"ይሳቁ። እነሱ ካሜራውን የሚያቆሙት ፈሪው ጋ ነው። እኔ የሚፈራው ልጅ ጋ ላቆመው ነው። አባትየው ቀጥቃጭ ደግሞ አንተ ትሆናለህ።"

ከቦርሳዋ በወረቀትና በሙጫ የተሠራ የጅብ ፊት አወጣች። ውበቱ ወደ ኋላ አለ።

"ይሄንን እኔ አላደርግም!"

"አንተ አይደለህም። ሴትዮዋ ናት የምታደርገው። ልጁ እንዲህ ነው የሚያያት።"

ጭንብሉን ተቀብሎ አገላበጠው። ጥፍሮቹን ባገላበጠባቸው እጆቹ፣ ቀስ ብሎ። "ሁለተኛዋስ?" አለ።

"ለሷ ገና ነኝ። ምን እንዳለች አታውቅማ። ሌላ ጭንብል ልሥራ?"

ከውጭ ወደ ወደቡ የሚሄዱ የጭነት መኪኖች ድምፅ ይሰማል። ውበቱ የሴትዮዋን አፍ ሳይሆን ጀርባዋን አሰበ፤ በትከሻዋ ላይ ብቅ ብሎ የሚያየውን ሕፃን። ሕፃኑ እየሳቀለት ነበር።

"አልሸፈነችውም" አለ።

"ምን?"

"ልጇን። ሸፍኚው ብትላትም አልሸፈነችውም።" ጭንብሉን መለሰላት። "ለሷ ምንም አትሥሪ። በገዛ ፊቷ ትሁን።"

ሺር የጅቡን ፊት ቦርሳዋ ውስጥ መለሰችው።

"ዓርብ ፀሐይ ጠልቃ ሰንበት ሳይገባ እቤት ታደርሺኛለሽ?"

"በጊዜ እንጨርሳለን፣ ቃሌ ነው።"

"በይ እንግዲያው፣ እመጣለሁ" አለ ውበቱ።