ካምቢዮው ሳይሞት

ብርድ በጸናበት ማለዳ መኪናዬ ማርሽ ለመቀየር ስታንገራግር ታላቅ ወንድሜ ፈረደባት።

«ካምቢዮው ሞቷል። ዛሬውኑ ለማውቀው የመኪና ደላላ እንስጣት፤ ደውዬለታለሁ።»

የሰፈሩን ልጆች ትምህርት ቤት የማደርሰው፣ ቤቴንም የማስተዳድረው በእሷ ነው።

«ሳይሞት አትቅበረው፣ ወንድም ጋሼ! ዘይቱ በብርድ ወፍሮ ነው። እስኪሞቅ ማርሹ ይዘገያል።»

«እናሙቀዋ!» ብሎ ዘው አለና በቆመችበት ነዳጁን እየረገጠ ያስጮኻት ጀመር። ዕድሜውን በማንዋል መኪና የፈጀ ሰው፣ አውቶማቲክም እንደ ሰነፍ በቅሎ በጩኸት የምትነዳ ይመስለዋል። ደሜ ፈላ።

«ውረድ! በጩኸት የሚሞቀው ሞተሩ ነው። ካምቢዮው የሚሞቀው ቀስ ብላ ስትሄድ ነው።»

«መንገድ ላይ ብትገትረንስ?»

«ትገፋታለህ፤ አንተም ትሞቃለህ።»

ነዳጁን ሳልጫን ነዳሁ። መጀመሪያ ማርሹ ዘግይቶ፣ ገፋ አድርጎን ገባ። ወንድሜ ከንፈሩን መጠጠ። ገበያውን ስናልፍ ግን ማርሹ መቀየሩ እንኳ አልተሰማንም፤ ዳገቱንም ያለ ድምፅ ወጣችው። ወንድሜ በመስኮት ውጭውን ማየት አበዛ።

ያን ጊዜ ደላላው ደወለ። ስልኩን ከወንድሜ እጅ ነጠቅኩት።

«ሌላ መኪና ፈልግ፤ ይቺ ሥራ ላይ ናት» አልኩና ልጆቹን ልጭን ታጠፍኩ።