የጋሼ አምሳሉ ካርድ

መካኒኩ ሊዮን ካርዱን ከመክፈያ ማሽኑ አውጥቶ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገና እንደገና ከተተው። አምሳሉ ጠበቀ። ወለል ብሎ በተከፈተው የጋራዡ በር የሐምሌ ወበቅ ከዘይትና ከጎማ ሽታ ጋር ይገባል። ለወረርሽኙ ካጠለቀው ጭምብል ስር ላቡ ወደ ከንፈሩ ሲወርድ ተሰማው፤ እጁን ግን አላነሳም። ማሽኑ አጭር ድምፅ አሰማ። ሽማግሌው መካኒክ ራሱን ነቀነቀ።

«አሁንም ዲክላይን፣ አልቀበልም ነው የሚለው፣ ሚስተር አምሳሉ» አለው፤ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ሌላው ሰው ግን ሰምቷል። ጎሳዬ ከአምሳሉ ኋላ ቆሞ ነበር። ሠላሳዎቹን ያጋመሰ፣ በዲቪ አሜሪካ ከመጣ ሁለት ዓመት ያልሞላው፣ ከከተማው ዳር ባለ መጋዘን የማታ ሺፍት የሚሠራ ሰው ነው። ካምቢዮዋ ወልቆ የሰነበተችው መኪናው ተጠግና ውጭ ቆማለች። የጥገናውን ሂሳብ በአንድ ጊዜ መክፈል ስለማይችል አምሳሉ በክሬዲት ካርዱ ሊከፍልለት፣ እሱም ደመወዝ በገባ ቁጥር እየከፈለ ሊጨርስ ተስማምተው ነው ኢስትሙር ሰፈር ድረስ አብረው የመጡት።

አምሳሉ እንዲህ ሲያደርግ የመጀመሪያው አልነበረም። አዲስ የመጣ ሰው ክሬዲት፣ ማለትም ብድር የመክፈል ታሪክ፣ የለውም፤ ክሬዲት ለሌለው ሰው ደግሞ አልጋ መግዛቱም ቤት መከራየቱም ጭንቅ ነው። ሰዎች ስልኩን እየተቀባበሉ ይደውሉለታል። ካርዱን ይዞ ይሄዳል፣ ይፈርማል፣ «አይዞህ፣ ሲመችህ» ብሎ ይመለሳል። ያልመለሰለት ሰው የለም ማለት ይቻላል። ሃያ ዓመት ሙሉ በሚኒቫን መንገደኛ ሲያመላልስ ከኋላ ወንበር ስሙን የጠየቀው ጥቂት ነው፤ በዚያች ካርድ ግን ከተማው ውስጥ ያለው አበሻ ሁሉ «ጋሼ አምሳሉ» አለው። ይህን ለማንም ተናግሮት አያውቅም እንጂ፣ ካርዷን ከኪሱ ሲያወጣ ትከሻው ቀና እንደሚል ራሱም ያውቀዋል።

«ደውዬ ልጠይቃቸው» አለና ወጣ።

ሚኒቫኑ ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋ። ባንኩ ጋ ደወለ፤ የመጠበቂያው ሙዚቃ ረዘመ። በመጨረሻ አንዲት ድምፀ ለስላሳ ሴት አነሳችና ስሙን፣ የትውልድ ቀኑን፣ አድራሻውን ጠየቀችው። ከዚያ የካርዱ ሊሚት፣ መበደር የሚችልበት ጣሪያ፣ ከአሥራ ሁለት ሺህ ወደ አንድ ሺህ ዶላር ዝቅ ማለቱን፣ ይህም በኢሜይል እንደተገለጸለት ነገረችው።

«ምን አጥፍቼ?» አላት።

«ምንም አላጠፉም፣ ጌታዬ። አንድም ጊዜ ቀን አሳልፈው ከፍለው አያውቁም።»

«እና?»

«ካርዱን ለወራት አልተጠቀሙበትም። ወረርሽኙም አለ። ሲስተሙ ብዙ አካውንቶችን ነው ዝቅ ያደረገው። ድጋሚ እንዲታይልዎ ማመልከት ይችላሉ፤ አሁን ምን ያህል ገቢ እንዳለዎት ግን ይጠይቃሉ።»

አመስግኗት ዘጋ። ካርዱን ያልተጠቀመበት ፈርቶ ነበር። ሥራ ሲቀዘቅዝ ዕዳ ውስጥ እንዳይገባ፣ ተጠንቅቆ፣ ቤንዚኑን እንኳ በጥሬ ገንዘብ ሲቀዳ ከርሟል። ጥፋት ነግረውት ቢሆን ይሻለው ነበር፤ ከጥፋት ጋር ሰው ይከራከራል፣ ይቅርታም ይጠይቃል። «ምንም አላጠፉም» የሚል ሰው ፊት ግን ምን ይባላል?

ጎሳዬ ጥላ ስር አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ ነበር። አምሳሉን ሲያይ ተነሳ። «ሲስተማቸው ተበላሽቶ ነው፣ ነገ ይስተካከላል» የሚለው ነገር አምሳሉ ምላስ ላይ መጥቶ ነበር። ዋጠው።

«ሊሚቱን ቀንሰውብኛል፣ ጎሳዬ። አይበቃም።»

«ምንም አይደል፣ ጋሼ» አለ ጎሳዬ ቶሎ ብሎ። መቻኮሉ አምሳሉን ይበልጥ አሳመመው። «ጭራሽ እንዳያስቡ።»

ሊዮን እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወደ እነሱ ወጣ። «እስክትከፍሉ እዚሁ ትቆይ፤ ለማቆሚያ አላስከፍልም» አላቸው። «ሳይከፈለኝ ልለቃት ግን አልችልም። እኔም የዚህ ቤት ኪራይ አለብኝ።»

አልተቀየሙትም። ጎሳዬ ስልኩን አውጥቶ ሰዓቱን አየና መልሶ ከተተው። ሺፍቱ ሊገባ ነው። ከሥራ ሲቀር የሚያዝበት ነጥብ ሞልቶበታል፤ አንድ ቀን ከደገመ እንደሚያሰናብቱት ለአምሳሉ መንገድ ላይ ነግሮታል። ወደ መጋዘኑ የሚሄደው አውቶቡስ ደግሞ ሌሊት አይመለስም።

«ና ግባ፣ እኔ አደርስሃለሁ» አለው አምሳሉ።

«የዛሬውን ያድርሱኝ። መመለሻዬስ? ነገስ?» ጎሳዬ መሬት መሬቱን አየ። «እርስዎም ሥራ አለብዎት። ጠዋት ኤርፖርት አይደል የሚገቡት?»

አምሳሉ መልሱን ያውቀው ነበር። በየቀኑ ለሚስቱ የሚሰጠው መልስ ነው። ክሊንተንቪል ካለው ቤቱ ፀሐይ ሳትጠነክር ይወጣል፤ ኤርፖርት ሹፌሮች የሚጠብቁበት ሜዳ ላይ ያቆማል፤ ሲመሽ ይመለሳል። «እንዴት ዋለ?» ስትለው «ቀዝቀዝ ብሏል፣ ግን ይገኛል» ይላታል። አንዳንድ ቀን አንድ ሰው ይገኛል። አብዛኛውን ቀን የሚያርፈውም አውሮፕላን ባዶ ነው።

«ኤርፖርት ሥራ የለም» አለ።

ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ለራሱ ጆሮ እንግዳ ሆነበት። ሊዮን በአማርኛ ምን እንደተባለ ባይገባውም ዞር ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ።

«የለም ሲሉ?»

«የለም ነው የምልህ። ከመጋቢት ወዲህ ዝም ብዬ ነው የምቆመው።» የሚኒቫኑን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋለት። «ያንተ እስክትወጣ በዚህ ሥራበት። ኢንሹራንሱ ጋ አሁኑኑ ደውዬ ስምህን አስገባለሁ።»

«ጋሼ፣ ይሄማ አይሆንም።»

«እኔ ጋ ቆሞ ከሚውል አንተ ጋ ይሂድ። ውሰድ።»

ጎሳዬ በሁለት እጁ ተቀበለው። ወንበሩን ወደ ኋላ ለመግፋት ፈቃድ ጠየቀ፤ መስታወቱንም ጠይቆ ነው ያስተካከለው። አምሳሉ ከጎን ተቀመጠ። በራሱ መኪና ከዚህ በፊት በዚህ በኩል ተቀምጦ አያውቅም። እጁን የት እንደሚያደርግ ግራ ገብቶት ጉልበቱ ላይ አሳረፈው። የሃይ ስትሪት ሱቆች ግማሾቹ ተዘግተዋል፤ አንዱ ምግብ ቤት ወንበሮቹን ገልብጦ ጠረጴዛ ላይ ደርድሯል። አንድ የትራፊክ መብራት ላይ ጎሳዬ ፊቱን ሳያዞር፣ «ቤት ያሉት ያውቃሉ?» አለው።

«አያውቁም» አለ አምሳሉ።

ጎሳዬ ከቤቱ በር ላይ አወረደውና ሄደ። ሚስቱ እናናዬ በረንዳው ፊት የተከለቻቸውን ቲማቲሞች በውሃ ጎማ እያጠጣች ነበር። መኪናው ጥግ እስኪታጠፍ በዓይኗ ሸኘችው።

«መኪናውን ማነው የወሰደው?»

«ጎሳዬ ነው። ለጥቂት ጊዜ ይሠራበታል።»

«አንተስ?»

አምሳሉ ጭምብሉን አውልቆ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ካርዱን ነገራት። የሴትየዋን መልስ ነገራት። ከዚያ ኤርፖርቱን ነገራት፤ ከመጋቢት ጀምሮ ያለውን፣ «ይገኛል» ያላትን ሁሉ። እያወራ ጎረቤት አጥር ላይ ያለች ወፍ ያይ ነበር፤ ወፏ ስትበር የሚያየው አጣ።

እናናዬ አልጮኸችም። የውሃውን ጎማ እንደያዘች ወደ እሱ ዞረች።

«ታዲያ ቀኑን ሙሉ ምን ትሠራ ነበር?»

«ሬዲዮ እሰማለሁ። ሲደክመኝ ወርጄ ሜዳውን እዞራለሁ።»

«የማስይዝህንስ ምሳ?»

«እዚያው መኪናው ውስጥ እበላዋለሁ።»

«ብቻህን?»

ስለ ቤት ኪራዩ ብትጠይቀው፣ ለምን ዋሸኸኝ ብትለው፣ ነገስ ምን ልንሆን ነው ብትለው፣ መንገዱን ሙሉ መልስ ሲያዘጋጅ ነበር የመጣው። ለዚህ አልተዘጋጀም። ቀና ብሎ አያት። ውሃው ከቲማቲሞቹ አልፎ፣ ሣሩን አቋርጦ፣ በእግረኛ መንገዱ ላይ ወደ አስፋልቱ ይወርድ ጀመር፤ ሁለቱም አላዩትም።