ከምስክርነቷ የጎደለው

በየሰው ስልክ ላይ የሚዞረው ምስክርነት እንዲህ ይላል፦ «የሚጥል በሽታ ነበረብኝ። ሥራ ቦታ ወድቄያለሁ፣ መንገድ ላይ ወድቄያለሁ። አንድ ቀን ተንበርክኬ አለቀስኩ። የኪኒኑን ብልቃጥ አንስቼ ወደ ቆሻሻ መጣያው ሄድኩ። ከዚያን ቀን ወዲህ አንድም ጊዜ አልወደቅኩም። ክብር ለስሙ ይሁን።» ከዚያ መዝሙር፣ ከዚያ ጭብጨባ።

ያቺው ሴት፣ በዚያው ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ በዚያው ሰማያዊ ሻርፕ፣ ለካሜራው በእርግጥ የተናገረችው ደግሞ ይህ ነበር፦ «የሚጥል በሽታ ነበረብኝ። ሥራ ቦታ ወድቄያለሁ፣ መንገድ ላይ ወድቄያለሁ። አንድ ቀን ተንበርክኬ አለቀስኩ። የኪኒኑን ብልቃጥ አንስቼ ወደ ቆሻሻ መጣያው ሄድኩ። ልጥለው ነበር፤ አልጣልኩትም። በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ሄድኩና መጠኑን አስተካከለልኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ አንድም ጊዜ አልወደቅኩም። ያዳነሽ ጸሎቱ ነው ወይስ ኪኒኑ ብትሉኝ፣ አላውቅም። ሁለቱንም የተቀበልኩት ከአንድ እጅ ነው። ኪኒኑን ዛሬም እውጣለሁ። ክብር ለስሙ ይሁን።»

በመጀመሪያው ውስጥ አንዲት የሐሰት ቃል የለችም። ሁሉም ከራሷ አፍ የወጣ ነው። ሴትዮዋን ያንገበገባት ይኸው ነበር።

ሥራዋ የፍርድ ቤት ጸሐፊነት ነው። ከጧት እስከ ማታ ከዳኛው ጎን ተቀምጣ ምስክር የሚለውን ትጽፋለች። ቃሉን አጥንቶ የመጣ፣ ላብ ያጠመቀው፣ መሃላውን ሳይጨርስ ማልቀስ የጀመረ፣ ሁሉም በጣቶቿ ሥር አልፏል። አንዴ አንድ ጠበቃ ጠጋ ብሎ «ይቺን ‹ይመስለኛል› የምትለዋን ብትተይልኝ ምናለበት?» ሲላት፣ «የመሰለው ምስክሩን ነው፤ እኔን ምንም አልመሰለኝም» ብላ ችሎቱን በሙሉ አስቃበታለች።

እንዲህ ያለችው ሴት የራሷን ቃል ተቆርጦ ያየችው ከሰው ሁሉ መጨረሻ ነው። ምስክርነቱ በጸሎት ቤቱ ስክሪን ላይ በታየበት እሑድ እሷ ከጓሮ ክፍል ሕፃናት ትጠብቅ ነበር። ሲወጡ አቅፈው ሳሟት፣ «ድንቅ ነው» አሏት። ድንቅ ያሉት ሙሉውን መስሏት አመስግና ሄደች። የራሷን ፊት በስልክ ማየት ደግሞ አትወድም። እንዲህ እንዲህ እያለ ጊዜው አለፈ፤ ታናሽ እህቷ ምድጃ ፊት እስክትወድቅ ድረስ።

ታናሽቱ ዳቦ ቤት ነው የምትሠራው። ትሪ ከምድጃ ስታወጣ እሷም ያለባት ያው በሽታ ጣላትና ቀኝ ክንዷ የጋለው በር ላይ አረፈ። ጸሐፊዋ ከችሎት እንደወጣች ስትበር ደረሰች። ልጅቱን አልጋዋ ላይ ትራስ ተደግፋ፣ ክንዷ እስከ ክርኗ በፋሻ ተጠቅልሎ አገኘቻት።

«ሚጡዬ! ተረፍሽልኝ? ፊትሽ ደህና ነው?»

«ደህና ነኝ እትዬ። ትንሽ ነው።»

«ትንሽ ትላለች ደግሞ! ኪኒንሽን ረስተሽ ነበር አይደል?»

«አልረሳሁም።»

«ታዲያ?»

«ተውኩት።»

ጸሐፊዋ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ቆማ ቀረች። «ማነው ተዪ ያለሽ? የትኛው የተረገመ ነው? ስሙን ንገሪኝ፣ አሁኑኑ ሄጄ አንገቱን ነው የማንቀው።»

«አንቺ ነሻ» አለችና ታናሽቱ በግራ እጇ ስልኩን ዘረጋችላት።

ጸሐፊዋ ራሷን አየች። አንዴ አየች፣ ደገመች። ብልቃጡን አንስታ ወደ ቆሻሻ መጣያው ስትሄድ፣ ከዚያ ምስሏ ብልጭ ብሎ፣ ጭንቅላቷ ወደ ግራ ትንሽ ዘለል ብሎ፣ አንድም ጊዜ እንዳልወደቀች ስትናገር። ያቺን የጭንቅላት ዝላይ ላላወቀ ሰው ምንም አይደለችም፤ ዓይን ማርገብገብ ነው የምትመስለው።

«ቆርጠውታል!» ብላ ጮኸች። «መሃሉን ቆርጠው ጥለውታል! እኔ አልጣልኩም ነው ያልኩት! እየዋጥኩ ነው ያልኩት!» ቦርሳዋን አልጋው ላይ ገልብጣ ከቁልፍና ከመሐረብ መካከል የኪኒኗን ብልቃጥ አወጣች። «ይኸው! ዛሬ ጧትም ውጫለሁ።»

ታናሽቱ ብልቃጡን አየችና ፈገግ አለች። የሚያናድድ የርኅራኄ ፈገግታ ነበር። «እትዬ ተዪ። ስትመጪ ከፋርማሲ ገዝተሽው ነው።»

«ሚጡ! ዋሸሽ ነው የምትዪኝ?»

«ለኔ ስትዪ ትዋሻለሽ፣ ምን አዲስ ነገር አለው? እማዬ የሞተች ጊዜ ‹ሆስፒታል ናት፣ ትመጣለች› እያልሽ ስንት ጊዜ አቆየሽኝ? ያኔም ዓይኔን እያየሽ ነበር። አሁን ቆስዬ አየሽኝ፣ ደነገጥሽ፣ ኪኒን ልታስውጪኝ ፈለግሽ። እስቲ አንቺ ጸሐፊ ነሽ፣ ፍረጂ፤ በደህና ቀን፣ በእግዚአብሔር ስም፣ ካሜራ ፊት የተናገርሽውን ልመን ወይስ ደንግጠሽ አልጋ ላይ የምትዪውን?»

ጸሐፊዋ ብልቃጡን አልጋው ላይ ጣለችው። ጥያቄው ትክክል ነበር። የትኛውም ዳኛ ይጠይቀዋል። በራሷ ቃል ራሷ መረታቷ ደሟን አፈላው።

«የወደቅኩትም» አለች ታናሽቱ ዝግ ብላ «አንድ ቀን ጠዋት ‹ምናልባት ባልድንስ› ብዬ ስለተጠራጠርኩ ነው። ፊቴ ግን ተረፈ። ቅዳሜ እሱን ልመሰክር እቀረጻለሁ፤ ስሜን አስመዝግቤያለሁ። እሑድ ይታያል።»

«ቅዳሜ እኔም አለሁ» አለችና ጸሐፊዋ የተበተነ ዕቃዋን እያፈሰች ወጣች። በሩን እንዴት እንደዘጋችው ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል።

የጸሎት ቤቱ መቅረጫ ክፍል ከአዳራሹ ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ግድግዳዋ ድምፅ እንዳያስተጋባ በስፖንጅ ተለብጧል፤ ሁለት ወንበር፣ አንድ መብራት፣ አቧራ የጠጣ የፕላስቲክ አበባ። ኮምፒውተሩ ፊት የሚቀመጠውን ወጣት ሁሉም «ዳይሬክተር» እያሉ ያሾፉበታል፤ እሱ ግን ከልቡ ሆኖ ነው የሚሰማው።

«ዳይሬክተር፣ ቃሌን መልስልኝ» አለችው ጸሐፊዋ ገና ሳትቀመጥ።

«ጤና ይስጥልኝ እህቴ። የቱን ቃል?»

«የበላኸውን! ‹አልጣልኩትም› ያልኩትን። ‹አላውቅም› ያልኩትን። ‹ዛሬም እውጣለሁ› ያልኩትን። የት ወሰድከው?»

ወጣቱ ጆሮው ቀላ። «እህቴ፣ የተሰጠኝ ከነመዝሙሩ አንድ ደቂቃ ነው። አንቺ ደግሞ ብዙ አወራሽ። ዋናውን ነው ያስቀረሁት። የሌለ ነገር አልጨመርኩም እኮ፣ አንዲት ቃል።»

«ባትጨምርማ ነው የገደልከኝ! ብትጨምርበት ኖሮ ‹ይሄ የኔ ድምፅ አይደለም› እል ነበር። አሁን ምን ልበል? ልሳኑ የኔ፣ ፊቱ የኔ፣ ውሸቱ ያንተ!»

ጩኸቱ መጋቢውን ከአዳራሹ አመጣው። መጋቢው ዕድሜው ገፋ ያለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ፣ የታመመ ሰው ቤት ቀድሞ የሚደርስ ሰው ነው። እሷም ስትወድቅ በነበረበት ዘመን አጠገቧ ቁጭ ብሎ አድሯል። እሱን ስታይ ንዴቷ አልበረደም፤ መልኩን ብቻ ቀየረ።

«መጋቢ፣ እህቴ መድኃኒቷን ተወች። እኔን ሰምታ። ምድጃ ላይ ወደቀች።»

መጋቢው ግድግዳውን ተደገፈ። «ክንዷን አየሁት። በዚህ ምክንያት መሆኑን ግን አልነገረችኝም» አለ። ወደ ወጣቱ ዞሮ «ምንድነው የቆረጥከው?» ብሎ ጠየቀው። ወጣቱ አንድ በአንድ ነገረው።

«አንድ ደቂቃ ያልኩት እኔ ነኝ» አለ በመጨረሻ። «የተቆረጠውን አላየሁም። ማየት ነበረብኝ። ከገጻችን ላይ ዛሬውኑ እናወርደዋለን።»

«ማውረድ አይበቃም። ሙሉው ይታይ። እዚያው አዳራሽ፣ እዚያው ሰው ፊት።»

«ልጄ፣ እስቲ በእርጋታ እንየው። ሰዎች በዚያ ምስክርነት ተጽናንተዋል። ነገ ‹መሃሉ ጎድሎ ነበር› ብንላቸው የሚናጋው እምነት የስንቱ ነው? ደግሞም ያዩትን ሁሉ የተናገረ ምስክር የለም። ሐዋርያቱም ጌታ ያደረገውን ሁሉ አልጻፉም፤ መርጠው ነው የጻፉት። መምረጥ ብቻውን ውሸት አይደለም።»

ይህ ደካማ ክርክር አልነበረም፤ እሷም ታውቀዋለች።

«እውነት ነው፣ ሁሉን አልጻፉም» አለች። «የሚያሳፍራቸውን ግን ጻፉ። ከመካከላቸው ዋናው፣ አለት የተባለው፣ አንዲት ገረድ ፈርቶ ጌታውን መካዱን ጻፉ። ሴቶቹ ‹መቃብሩ ባዶ ነው› ብለው ሲመጡ ‹ቀባጠራችሁ› ብለው እንዳላመኗቸው ጻፉ። ተራራው ላይ ቆመው እያዩት እንኳ ከመካከላቸው የተጠራጠረ መኖሩን ጻፉ! ማን አስገደዳቸው? ዳይሬክተር እዚያ ቢኖር እኮ ይሄን ሁሉ ‹ሰው ግራ ይጋባል› ብሎ ይቆርጠው ነበር!»

«እኔ እንኳን...» አለ ወጣቱ።

«ዝም በል አንተ! መጋቢ፣ እኔ ቀን በቀን ምስክር ነው የምሰማው። ራሱን ብቻ አሳምሮ የሚናገር ሲመጣ ዳኛው መጻፉን ትቶ ጣራ ጣራ ያያል። በራሱ ላይ የሚናገረውን ሲሰማ ግን ቀና ይላል። እኔ እነዚያን ሰዎች ያመንኳቸው እንዲሁ በባዶ ሜዳ አይደለም። አልቆረጡትም፤ ለዚህ ነው ያመንኳቸው። ጉዳዩ እንዲህ እንደማይዘጋ አውቃለሁ፣ ጠበቃ ቢያገኘው ገና ብዙ ይከራከርበታል። ግን እኛ በአንዲት ብልቃጥ ኪኒን ሰው ካታለልን፣ ስለ ባዶው መቃብር ስንናገር ማን ጆሮውን ይሰጠናል? ውሸት ላይ የቆመ ይናጋ! ይናጋና ይየው!»

በዚህ መካከል በሩ ተከፈተ። ታናሽቱ ናት፤ ጸጉሯን ተሠርታ፣ በፋሻው ላይ ንጹሕ ነጠላ ጣል አድርጋ።

«ምን ጉድ ነው? ድምፅሽ መንገድ ድረስ ይሰማል። ስፖንጁ ለምንድነው የተለጠፈው ታዲያ?»

ማንም አልሳቀም። ጸሐፊዋ ወደ ኮምፒውተሩ ጠቆመች። «ክፈተው። ጥሬውን።»

ወጣቱ መጋቢውን አየ። «ጥሬው ለሰው አይታይም» አለ መጋቢው እያመነታ። «የሰው ምስጢር ይኖርበታል።»

«ምስጢሩ የኔ ነው፤ ፈቅጃለሁ።»

መጋቢው በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ወጣቱ ከፈተው። ሰማያዊ ሻርፕ፣ የፕላስቲክ አበባ። ብልቃጡ፣ ቆሻሻ መጣያው። «አልጣልኩትም።» ታናሽቱ እህቷን በጎን አየቻት፤ ፊቷ ላይ ገና ጥርጣሬ አለ፤ ለኔ ብላ አሁን አስቀርጻው ይሆን የሚል ጥርጣሬ። ስክሪኑ ላይ ያለችው ሴት ንግግሯን ጨረሰች፤ ካሜራው ግን አልጠፋም ነበር። ከጀርባ የወጣቱ ድምፅ መጣ፦ «እህቴ፣ የኪኒኗን ነገር ብንተዋትስ? ሰው ግራ ይጋባል።»

«አይ፣ ትኑር» አለች በስክሪኑ ውስጥ ያለችው። «ታናሽ እህቴ ይኸው ሕመም አለባት። መድኃኒት መዋጥ ይሰለቻታል። እዚህ የተቀመጥኩበት አንዱ ምክንያት እሷ ናት፤ ስታየው እንዳትተው።»

ጸሐፊዋ ይህን ማለቷን ጭራሽ ረስታው ነበር። ወደ ስክሪኑ ተጠጋች።

«መልሰው» አለች ታናሽቱ። ወጣቱ መለሰው። እንደገና ሰማች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ከፋይሉ ሥር የተጻፈውን ቀን አነበበች። «ይሄ እኔ ኪኒኑን ከመተዌ በፊት ነው።»

«አዎ፣ በፊት ነው» አለ ወጣቱ።

«እሷ ለኔ ስትል የምትዋሽበት ምክንያት ከመኖሩ በፊት።» ቀና አለች። ጸሐፊዋ ያንን ፊት አታውቀውም፤ ያሳደገቻት ልጅ እንዲህ ስትቆጣ አይታ አታውቅም። «ሰምተሃል አይደል? እህቴ ታማለች ስትል በጆሮህ ሰምተሃል። ሰምተህ ነው የቆረጥከው።»

«ደቂቃው ሞልቶብኝ ነው እህቴ፣ እውነቴን ነው፣ ክፋት አልነበረኝም...»

ታናሽቱ ነጠላውን ገፍፋ ክንዷን አፍንጫው ሥር ደቀነችው። «ይሄም ደቂቃ ሞልቶ ነው?»

ወጣቱ አንገቱን ደፋ። መጋቢው ቀስ ብሎ ወደ እሷ ተራመደ። «ልጄ፣ በድለንሻል። ይቅርታ አድርጊልን። ቪዲዮውን ዛሬ አወርደዋለሁ፤ አንቺም ነገ አትመስክሪ፣ ሌላ ሰው ይተካል። አሁን ክንድሽ እስኪድን፣ ልብሽም እስኪረጋ...»

«ልቤ ረግቷል መጋቢ። እንዲህ ረግቶ አያውቅም።»

«እምነትሽን እንዳትጎጂ ብዬ ነው።»

«እምነቴ ላይ ምን ደረሰ? እግዚአብሔር ምን አደረገኝ? ቪዲዮ ሲቆርጥ የነበረው እሱ ነው እንዴ?»

መጋቢው ቆመ። ጸሐፊዋ እጇን ልትይዛት ተጠጋች፤ ታናሽቱ ግን በደህናው እጇ ወደ ኋላ ገታቻት። በር ላይ ለመቀረጽ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ተጠጋግተው ቆመዋል። ልጅቱ እነሱም እንዲሰሙ አድርጋ ጮክ ብላ ተናገረች።

«ዛሬ ማታ ኪኒኔን እውጣለሁ። ነገ ደግሞ ተራዬን ለማንም አልሰጥም። መድረክ ላይ በአካል ወጥቼ፣ ማመኔንም፣ መድኃኒቴን መተዌንም፣ መውደቄንም፣ ምን ተቆርጦ ምን እንዳየሁም፣ አንድ ሳላስቀር በአፌ እመሰክራለሁ። ማይኩን ካጠፋችሁብኝ በጉሮሮዬ እጮኸዋለሁ።»