ሰው የለበትም የተባለው ደብር

ወንጌላዊት ደብረ ማርቆስ ባለ አንድ የጤና ፕሮጀክት ውስጥ ትሠራ ነበር። ሥራዋ የሕዝብ ብዛት መገመት ነው፤ ቤት ለቤት እየዞረች ግን አይደለም። ጣሪያው፣ መንገዱ፣ እርሻውና ደኑ ከሳተላይት ታይቶ የተመዘገበበትን የካርታ መረጃ ኒውራል ኔትወርክ ለሚባል ከምሳሌ የሚማር የኮምፒውተር ፕሮግራም ትሰጠዋለች። እሱም ቀድሞ ከተቆጠሩ ቀበሌዎች በተማረው መሠረት በየመቶ ሜትሩ ስንት ሰው እንደሚኖር ይገምታል። ሁለት ዓመት ለፍታበታለች። ግምቱ ከእውነተኛ ቆጠራ ጋር ሲመሳከር ብዙም ስለማይስት፣ ማጅራት ገትር በአካባቢው የገባ ጊዜ ክትባቱ የተደለደለው በእሷ ካርታ ነበር።

ዘመቻው በተጀመረ በሦስተኛው ቀን ደመላሽ የሚባል የጤና ባለሙያ ከአማኑኤል ከተማ ወዲያ ካለ የሚካኤል ደብር ደወለላት።

«ወንጌላዊት፣ እዚህ ብዙ የቆሎ ተማሪ አለ። ዝርዝሬ ላይ ግን የሉም።»

ካርታውን ከፈተች። የደብሩ ግቢ አረንጓዴ ነው፤ መሀሉ ላይ ዜሮ ተጽፏል።

«እኔ ጋ ዜሮ ነው የሚለው። ተማሪዎቹ ከሌላ አገር የመጡ ስለሆኑ በየቤታቸው ተቆጥረዋል። የያዝከው ክትባት ለመንደሮቹ የተመደበ ነውና እነሱን አስቀድም።»

«ከመንደሮቹ ከተረፈኝስ?»

«ከተረፈህ ትመለሳለህ።»

አልተረፈውም።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ የሞት ሪፖርት ደረሳት። ዘመንፈስቅዱስ፣ አሥራ ሰባት ዓመት፣ የቅኔ ተማሪ። ደብሩ ያው ነው። አለቃዋ አወቀ «ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፣ ግምት ግምት ነው» አላት። እሷ ግን ስለ ስልኩ አልነገረችውም። በማግሥቱ በጠዋት በሚኒባስ አማኑኤል ወረደች፤ ከዚያ ከአንድ ሰዓት በላይ በእግሯ ሄደች።

ደብሩን ጽድና ወይራ ከቦታል። ከዛፎቹ ሥር፣ ጎንበስ ተብሎ የሚገባባቸው የሣር ጎጆዎች ተጠጋግተው ቆመዋል። ከሰማይ የሚያያቸው ከደኑ ሊለያቸው አይችልም። ኔትወርኩ በተማረባቸው ቀበሌዎች ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ግቢ ሁሉ ነዋሪ አልነበረውም፤ ስለዚህ ይህንንም ባዶ ነው አለ። ወንጌላዊት ይህ የገባት እዚያው ቆማ ነው።

መምህሩን የኔታ ገብረ ሚካኤልን ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ማን እንደሆነችና ለምን እንደመጣች ነገረቻቸው።

«አንገቴን አለና ተኛ» አሉ የኔታ። «ድካም መስሎን ነበር። በማግሥቱ ሰው መለየት አቃተው። ጓደኞቹ በቃሬዛ ይዘውት ወጡ፤ ጤና ጣቢያው ሳይደርሱ አረፈ። እዚሁ ቀበርነው።»

«የኔታ፣ ስንት ተማሪ አለዎት?»

«ዞረሽ እይው፣ ልጄ።»

ጎጆ ለጎጆ ዞራ የሁሉንም ስም ጻፈች። ሰባ ነበሩ። ለአወቀ ደውላ፣ ክትባት እንደሚላክ ሳታረጋግጥልኝ ከዚህ አልነሳም አለችው፤ ጠዋት እንደሚላክ ቃል ገባላት።

መጨረሻ በደረሰችበት ጎጆ ውስጥ አንዲት ሴት ደበሎ ያጥፋሉ። የሟቹ እናት ወይዘሮ ሥራነሽ ናቸው፤ ዕቃውን ሊወስዱ ከመርጡለ ማርያም ድረስ መጥተው ነው። ወንጌላዊት አጠገባቸው ተቀመጠች። ከየት እንደመጣች ስትነግራቸው እጃቸውን ገቱ።

«እኛም ዘንድ መዝጋቢ መጥታ ነበር» አሉ። «ልጆቼን ስቆጥርላት፣ እዚህ የሚያድረውን ብቻ ነው የምጽፈው አለችኝ። እሱ ከወጣ አራት ዓመቱ ነው፣ አያድርም አልኳት። ሰረዘችው።» ቀና ብለው አዩዋት። «አለ ብያት ቢሆን ይተርፍልኝ ነበር?»

«የለም፣ እናቴ። እዚያ ቢጻፍም ክትባቱ እዚህ አይደርሰውም ነበር።»

እውነት ነው። የቀረውን ለመናገር ግን ድፍረት አጣች።

አብረው በእግር አማኑኤል ወርደው ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄድ ሚኒባስ ያዙ። መንገዱ ሲጋመስ ወንጌላዊት ዝም ማለት አልቻለችም።

«እናቴ፣ ክትባት ይዞ የመጣው ባለሙያ እዚህ ተማሪዎች አሉ ብሎ ደውሎልኝ ነበር። መንደሮቹን አስቀድም ያልኩት እኔ ነኝ።»

ወይዘሮ ሥራነሽ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። «ልጆቹን አይተሻቸው ነበር?» አሏት።

«አላየኋቸውም።»

«እሱን እንኳ ብታዪው ኖሮ...» አሉና ተዉት።

መናኸሪያው ደርሰው ሲወርዱ ወንጌላዊት ዕቃውን ልትይዝላቸው እጇን ዘረጋች። ወይዘሮ ሥራነሽ ወደ ሌላው ትከሻቸው አዙረውት፣ ወደ መርጡለ ማርያም የሚሄደው መኪና ውስጥ ገቡ። መኪናው እስኪወጣ ቆማ ጠበቀች። ዞር ብለው አላዩዋትም።

በማግሥቱ ሰባውም ተማሪዎች ተከተቡ። ወንጌላዊት ቢሮዋ ገብታ፣ ካርታው ላይ ዜሮ የተጻፈባቸውን የቤተ ክርስቲያን ግቢዎች አንድ በአንድ ለየች። ሁለት መቶ አሥራ ስምንት ሆኑ። የመጀመሪያውን ደብር አስተዳዳሪ ስልክ አፈላልጋ ደወለች።

«አባቴ፣ በግቢያችሁ ጎጆ ውስጥ የሚያድር ተማሪ አለ?»

«ሞልቷል» አሉ ሰውየው። «ማን ልበል?»

«ወንጌላዊት እባላለሁ፤ ግቢያችሁን ካርታ ላይ ባዶ ያልኩት እኔ ነኝ» አለች።