ራስጌና ግርጌው የተምታታ እንስሳ

ሃይድሩን ዊርት ከማይክሮስኮፑ ቀና ስትል አንገቷ ደርቆ ነበር። ጀርመን አገር ካለው የሁንስሩክ ተራራማ አካባቢ በመጣ ጥቁር ድንጋይ ውስጥ ተጣብቆ የቀረውን፣ ከመዳፍ የማይበልጥ ጥንታዊ የባሕር እንስሳ በመርፌ እየጫረች ስታወጣ ነው የከረመችው። ያየችውን ግን ማመን አቃታት።

እንስሳውን ያገኙትና ስም ያወጡለት አስተማሪዋ ፕሮፌሰር ቴለን ነበሩ። ሰፊው ጫፉ ጭንቅላቱ፣ ቀጭኑ ጅራቱ ነው ብለው ጽፈዋል፤ ሌላውም ሰው ተቀብሏቸዋል። አሁን ግን አንጀቱ ወለል ብሎ ታየ። ከዋጣቸው ዛጎሎች በቀጭኑ ጫፍ በኩል ያሉት ድፍን ናቸው፤ ወደ ሰፊው ሲጠጉ ይሰባበራሉ፤ መጨረሻው ላይ እንደ ዱቄት ልመዋል። ምግብ ደግሞ ደቅቆ ገብቶ ድፍን ሆኖ አይወጣም።

በማግስቱ ፎቶዎቹን ይዛ ወደ ፕሮፌሰሩ መንደር ነዳች። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ውሏቸው ፒር ከሚባሉት የፍራፍሬ ዛፎቻቸው ጋር ነው።

«ፊትሽ የለቀስተኛ ነው፤ ማን ሞተ?» አሏት።

«የእርስዎ እንስሳ፣ ፕሮፌሰር።»

«እሱማ ከሞተ አራት መቶ ሚሊዮን ዓመት አለፈው። አምጪው።»

አጉሊ መነጽራቸውን አውጥተው ፎቶዎቹ ላይ አቀረቀሩ። ሃይድሩን ልቧ ፈራ ተባ አለ፤ ሰውየው ዕድሜያቸውን የሰጡት ለዚህ ፍጥረት ነው።

«ድፍኖቹን ዛጎሎች እንስሳው ከሞተ በኋላ ውሃ አስገብቷቸው ቢሆንስ?» አሉ።

«እኔም ጠርጥሬ ሌሎቹን ናሙናዎች ከፈትኩ። ሁሉም እንዲሁ ናቸው።»

እንደገና አዩት። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው መዳፋቸውን ግራና ቀኝ ማወዛወዝ ጀመሩ።

«ጭንቅላት ያልኩት መቅዘፊያው ኖሯል» አሉ ቀስ ብለው። «እንዲህ ባለ ሲባጎ ጅራት እንዴት ይዋኛል እያልኩ ስንት ጊዜ ተጨነቅኩ መሰለሽ። እኔ ነኝ ለካ ወደ ኋላ ያስኬድኩት። ተመልከቺ እስቲ፣ ምን ያህል ፈጣን እንደነበረ።»

ሃይድሩን የሚርገበገበውን እጃቸውን በዓይኗ ተከተለች። ቅር ይላቸዋል ብላ ነበር፤ እሳቸው ግን እንስሳው ሲዋኝ ነበር የሚያዩት።

«አብረን እንጻፈው፤ ስምዎም ይቅደም» አለች።

«የለም፣ ያንቺ ነው የሚቀድመው። እኔ ከጅራቱ በኩል ልሁን። ብቻ የትኛው ጅራቱ እንደሆነ ደህና አድርገሽ አረጋግጪ።»

በማግስቱ ድንጋዩን ራሱን ሊያዩ መጡና ማይክሮስኮፑ ፊት ተቀመጡ። እሷ ምሳ ደረሰ ብትላቸው እንኳ ወንበሩን አልለቀቁላትም።