የሰፊዋ ግራ እጅ

ሐሙስ ቀን ነበር፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ። ሰፊዋ የአንድ ኮት ጀርባ እስከ ወገቡ ቆርጣ ሳለ መቀሱ ከእጇ ወደቀ። ጎንበስ ብላ ላንሳው ስትል ቀኝ እጇ እምቢ አላት። ልጇ ከስፌት መኪናው ብድግ ብላ ባትደግፋት ኖሮ እሷም መቀሱን ተከትላ መሬት ነበረች።

ሐኪሙ ስትሮክ ነው አለ። በአምስት ወሩ አንደበቷ ተመለሰ፤ እግሯም እየተጎተተ ተመለሰ። ቀኝ እጇ ግን የሰው ዕቃ ይመስል ጭኗ ላይ ተቀምጦ ቀረ። ሠላሳ ስምንት ዓመት የቆረጠችው በዚያ እጅ ነው። ሰፈርተኛው ስሟን ትቶ "እትዬ መቀስ" ይላት ነበር። ልጇ መስፋት እንጂ መቁረጥ አትደፍርም።

የሰፊዋ ታናሽ ወንድም ጡረታ የወጣ የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ ነው። ያገኘውን ሁሉ ያነባል፤ ያነበበውን ሁሉ ያምናል። ቤተሰቡ "ሊቁ" ይለዋል፤ ግማሹ በፍቅር፣ ግማሹ በሹፈት። አንድ ዓርብ መጥቶ መቁረጫው ጠረጴዛ አጠገብ ተቀመጠ።

"እትዬ፣ አንድ ጥሩ ቆራጭ አግኝቻለሁ። ሰኞ ይመጣል። ጠረጴዛውን ልቀቂለት።"

"እኔስ?"

"አንቺማ በቃሽ፣ ደክመሻል። ቁጭ ብለሽ ቁልፍ ትተክያለሽ።"

"በአንድ እጁ ቁልፍ የሚተክል ሰው የት አየህ?"

"እንግዲያው ደንበኛ ታጫውቻለሽ።"

"በግራዬ መቁረጥ እየተለማመድኩ ነው።"

"እሱን እኮ ነው የምልሽ። ለልክና ለስሌት የተፈጠረው ግራው አንጎል ነው፤ የተጎዳብሽም እሱ ነው። የተረፈሽ ቀኙ ነው፤ እሱ ደግሞ ለዘፈንና ለሥዕል ነው። በዚያ ላይ በስልሳ ዓመት አንጎል አዲስ ነገር አይቀበልም። ይሄን ሳይንስ ነው ያለው፣ እኔ አይደለሁም።"

"ያን ሰሞን ሰው ከአንጎሉ የሚጠቀመው ከመቶ አሥሩን ብቻ ነው አላልክም?"

"ብያለሁ።"

"እንግዲያው ዘጠናው ስልሳ ዓመት ሙሉ ተኝቷል። አሁን ይነሳና ይሥራ።"

ልጅቱ ከመኪናው ኋላ ሳቀች። ሊቁ ግን ኮስተር እንዳለ ነው። "እሺ። እስከ ሰኞ አንድ ኮት ቆርጠሽ አሳዪኝ። ካልሆነ ሰውየው ጠረጴዛውን ይረከባል።"

"ይሁን" አለች።

ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ፈራች። ሦስት ሳምንት ሙሉ በአሮጌ አንሶላ ላይ በግራዋ ስትሞክር ከርማ አንድም ቀጥ ያለ መስመር አልወጣላትም። ጨርቁ በሁለቱ ስለት መሐል ይታጠፋል፤ መቀሱ ያኝከዋል እንጂ አይቆርጠውም። ሊቁ ፊት ብትቀልድም ለብቻዋ ስትሆን የልቧን ታውቃለች፤ ጭንቅላቷን እየዳበሰች "የቱ ጋ ነው የሞትክብኝ?" ትለው ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት አንሶላው ለስንተኛ ጊዜ ሲታኘክባት መቀሱን ወረወረችና ስፌት መፍቻውን ምላጭ አነሳች። በንዴት በጠመኔው መስመር ላይ ሳበችው። አንሶላው ቀጥ ብሎ ለሁለት ተከፈለ። ደገመችው። ከዚያ የብብቱን ቅስት ሞከረች፤ ምላጩ መስመሩን ሳይስት ዞሮ ወጣ።

እጇን ትኩር ብላ አየችው። እጁ ያውቃል። ታዲያ የማያውቀው ማን ነው?

መቀሱን አንስታ፣ በግራዋ እንደያዘችው፣ ልብስ መለኪያው መስታወት ፊት ቆመች። መስታወቱ ውስጥ ግራ እጇ የዱሮውን ቀኝ እጇን መሰለ። መቀሱ ግን የዱሮው አልመሰለም፤ ስለቶቹ ቦታ ተለዋውጠዋል። ተመልሳ ጨርቁ ላይ አሳረፈችው። የላይኛው ስለት የጠመኔውን መስመር ሸፍኖታል። ለካ ሦስት ሳምንት ሙሉ መስመሩን ሳታየው ነበር የምትቆርጠው።

"ነይ እስኪ" አለች ልጇን። "ይሄ መቀስ የማን ነው?"

"ያንቺ ነዋ፣ እማ። ምን ሆንሽ?"

"የኔ አይደለም። የቀኝ እጄ ነው።"

መቀስ እጅ እንደሚመርጥ ሁለቱም አስበውት አያውቁም ነበር። ቀኝ እጅ ሲጨብጠው ስለቶቹ ይጣበቃሉ፤ ግራ ሲጨብጠው ይራራቃሉ። ሰፊዋ አውራ ጣቷን ወደ መዳፏ ሳብ አድርጋ ጨበጠች፤ አንገቷን ወደ ግራ አዘንብላ መስመሩን ከስለቱ ማዶ ፈለገችው። መቀሱ ቅርጭ አለ። ልጇ ይህን ድምፅ ከሰማች አምስት ወር አልፏት ነበር፤ ወደ መኪናዋ አልተመለሰችም፣ እዚያው ቆማ ቀረች።

ሰኞ ጠዋት ሊቁ ቆራጩን አስከትሎ ገባ። ጠረጴዛው ላይ የአንድ ኮት ጀርባ፣ ሁለቱ ፊቶች፣ እጅጌዎቹና ኮሌታው ተዘርግተዋል። ቆራጩ ዝምተኛ ሰው ነው። ሁለቱን ፊቶች አነባብሮ ጠርዛቸውን በጣቱ ዳሰሰ። አንዱ ካንዱ ዝንፍ አላለም።

"ማን ነው የቆረጠው?" አለ።

"ቀኙ አንጎል" አለች ሰፊዋ። "ዘፈኑን ጨርሶ።"

ሊቁ ኮሌታውን አነሳ፣ አየው፣ መልሶ አስቀመጠው። ከዚያ የለበሰውን ኮት አውልቆ ወንበር ላይ ሰቀለና እንዲለካ ሁለት እጁን ዘረጋ።

"ለኔም አንድ ቁረጪልኝ" አለ።

"ሜትሩን ያዥልኝ" አለች ልጇን። "የዚህ ሰውዬ ጭንቅላት ከሹራብ አንገት የሚያልፍ አይመስለኝም፣ ደግነቱ ኮት ነው ያለው።"

ቆራጩ ሌላ ጠረጴዛ ተሰጥቶት እዚያው ቀረ። በዓመቱ አንድ ብረት ሠሪ ስለቱ የተገለበጠ የግራ እጅ መቀስ ሠራላት። በእሱ ዘጠኝ ዓመት ቆረጠች፤ ልጇንም መቁረጥ አስተማረች። ካረፈች ሁለት ዓመት ሆናት። መቀሱ አሁንም ጠረጴዛው ላይ አለ። ልጇ በቀኝ እጇ ስለምትሠራ የምትቆርጠው በሌላ ነው።